ባሕሩን የሚወርሱት ልጆች በባሕሩ ምክር ይጠየቁ

አንድ የቤተ ሰብ አባት አዲስ ቤት ለመሥራት ባሰበ ጊዜ፥ ስለ ቦታው ከጎረቤቶቹ፥ ስለ እንጨቱ ከአናጢው፥ ስለ ወጪው ከባለቤቱ ጋራ ይመክራል። ቤቱ ካለቀ በኋላ ረዥሙን ዘመን የሚኖሩበት ልጆቹ ናቸው፤ እነርሱን ግን በምክሩ ጊዜ የጠየቃቸው የለም። በቤት ሥራ ይህን ማድረግ ብዙ ጉዳት ላያመጣ ይችላል፤ ቤት የጠበበ እንደ ሆነ ይሰፋል፥ ያዘመመ እንደ ሆነ ይቃናል። ባሕር ግን አንድ ጊዜ ከተበላሸ እንደ ቤት አፍርሰው መልሰው የሚሠሩት ነገር አይደለም። ስለዚህ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን፥ ስለ ባሕርና ስለ ውኃ በሚመከርበት ስፍራ ሁሉ ለወጣቶቻችን የመናገሪያ ቦታ ስለ መስጠት ጥቂት ልንናገር አስበናል።

ይህን ርእስ በወላይታ ሶዶ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው፥ «እኛ ከባሕር ጋራ ምን አለን?» ሊለን ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የራስዋ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ሶዶም ከዳሞታ ተራራ ሥር የተቀመጠች፥ ከማዕበልና ከመርከብ የራቀች ከተማ ናት። ዳሩ ግን አባቶቻችን ውቅያኖሱንም ሐይቁንም በአንድ ቃል «ባሕር» ብለው ጠርተዋል። በጣና ዳር ያለችው ከተማ ባሕር ዳር፥ በደቡብ ጠረፍ ያለውም ስፍራ ጨው ባሕር መባሉ ስለዚህ ነው። አጠራሩም ማስተዋል አለበት፤ ወንዞች ሁሉ ጉዞአቸውን የሚፈጽሙበት፥ ከላይ የተሠራው በጎና ክፉ ሥራ ሁሉ ከታች የሚጠራቀምበት ስፍራ ባሕር ነውና።

ወላይታ በሁለት ውኃዎች መካከል ያለ አገር ነው። በምዕራብ በኩል የኦሞ ወንዝ ከዳውሮ ይለየዋል፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ከጉራጌ ተራሮች የሚነሣው የብላቴ ወንዝ ብዙ አገር አቋርጦ በወላይታ ቆላ በኩል ይወርዳል። ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ፥ ብላቴ ወደ አባያ ሐይቅ ይገባሉ፤ ከሁለቱ አንዱም ከታላቁ ውቅያኖስ አይደርስም። የዓባይ ወንዝ ከደጋ ያጠበውን አፈር ተሸክሞ ወደ ሱዳን ይሻገራል፤ የወላይታ አፈር ግን ከአገር ሩቅ አይሄድም። የወላይታ ገበሬ ከማሳው የሚያስወስደው አፈር፥ የከተማው ሰው በቦይ የሚለቀው ጉድፍ፥ ከብላቴ ጋራ ወርዶ እዚያው በልጆቹ ገበታ አጠገብ ይከማቻል። እንግዲህ ለወላይታ ልጅ የባሕር ነገር ማለት ከሁሉ አስቀድሞ የአባያ ነገር ማለት ነው።

አባያ በአገራችን ውስጥ ካሉት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ በስፋቱ ይበልጣል፤ ርዝመቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል፥ የውኃውም ስፋት ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥልቀቱ ግን እጅግ በበዛበት ስፍራ እንኳ 13 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በአርባ ምንጭ ኮረብታ ላይ ቆሞ አባያንና ጫሞን በአንድነት የተመለከተ መንገደኛ፥ የጫሞ ውኃ ሰማያዊ፥ የአባያ ውኃ ግን የሸክላ ጭቃ የመሰለ ቀይ ሆኖ ያገኘዋል። ይህ ቅላት በውኃው ውስጥ ተንሳፎ የሚኖር ደቃቅ አፈር ነው። ከጥንትም ቢሆን የሐይቁ መልክ እንዲሁ ነበረ፤ ነገር ግን ደኑ ከተመነጠረበትና ቁልቁለቱ ከታረሰበት ኮረብታ ሁሉ ክረምትና በልግ በመጡ ቁጥር የሚወርደው አፈር፥ ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማሰብ ብዙ ትምህርት አያስፈልግም። ትሪን በውኃ ሞልቶ በየቀኑ አንድ አንድ እፍኝ አፈር የሚጨምርበት ሰው፥ አንድ ቀን ውኃው ከጠርዙ ሲፈስ ማየቱ አይቀርም።

ስለዚህ ሐይቅ አንድ የቆየ ታሪክ አለ፤ ለጉዳያችንም ይጠቅማል። በ1880ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ቪቶሪዮ ቦቴጎ የተባለ የኢጣሊያ አገር አሳሽ ወደ አባያ ዳር በደረሰ ጊዜ፥ ሐይቁን በንግሥቱ ስም «ማርጌሪታ» ብሎ ሰየመው፤ በአውሮፓ የታተሙ ካርታዎችም ይህን ስም ብዙ ዘመን ይዘው ኖሩ። ንግሥት ማርጌሪታ ሐይቁን በዐይንዋ አላየችውም። በዳሩ የሚኖሩትን ሕዝቦችም ስሙ ማን ይባላል ብሎ ስማቸውን የተቀበላቸው አልነበረም። ዛሬ ያን ስም የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ከዚህ የምንማረው ነገር፥ በባሕሩ ዳር የሚኖረውን ሳይጠይቁ ስለ ባሕሩ መወሰን እንደማይጸና ነው። ባዕድ ሲያደርገው የነቀፍነውን ነገር እኛ በገዛ ልጆቻችን ላይ ብናደርገው ምን ምክንያት እንሰጣለን?

የአባያ ችግር አፈር ብቻ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. በጣና ላይ መታየቱ የተረጋገጠው እምቦጭ የሚባለው ተንሳፋፊ አረም በአባያም ላይ ታይቷል። ይህ አረም ቅጠሉ ያማረ፥ አበባው ሐምራዊ ሲሆን፥ በውኃው ፊት ላይ ተነጥፎ ብርሃንና አየር ይከለክላል፤ የዓሣ አስጋሪውን መረብ ይይዛል፥ ታንኳውንም ያግዳል። ዓሣው ደግሞ፥ ቆሮሶውም አምባዛውም፥ በመራቢያው ወራት ያለ ልክ የተጠመደ እንደ ሆነ ዘሩ ይመናመናል። የቀጭን መረብ ነገርማ እጅግ የሚያሳዝን ነው፤ ዛሬ ጫጩቱን የያዘ አስጋሪ የሚመጣውን ዓመት ዓሣ ከገበያ አውጥቶ ሸጠው ማለት ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት የሚሆን አይደለም። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንደ ተባለ፥ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ስለሚሆን ባለ ሥልጣኑም ባለ ማሳውም አያስተውለውም።

ታላቁም ውቅያኖስ ቢሆን ከእኛ የራቀ መስሎ ይታየናል እንጂ በማሳችን ላይ ሥልጣን አለው። የበልጋችን ዝናም አብዛኛው ከህንድ ውቅያኖስ በሚመጣ ርጥበት የሚዘንም ነው። የሰላማዊ ውቅያኖስ ውኃ ከልኩ በላይ በሞቀ ጊዜም የኢትዮጵያ ክረምት ይዛባል። ኤልኒኞ የሚሉት ይህ ነገር በ2007 ዓ.ም. ክረምት አገራችንን በደረሰባት ጊዜ፥ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የአስቸኳይ ጊዜ ርዳታ ፈላጊ ሆኖ ነበር። ባሕር አይቶ የማያውቅ ገበሬ በባሕር ምክንያት ጎተራው ባዶ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የውቅያኖስ ነገር በታላላቅ ጉባኤ በሚመከርበት ጊዜ የሶዶ ልጅም ባለ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ዛሬ 50 ዓመት የሆነው ሹም ስለ ሐይቁ አንድ ውሳኔ ቢወስን፥ ዛሬ 15 ዓመት የሆናት ልጅ 50 ዓመት በሞላት ጊዜ የውሳኔውን ፍሬ ታገኘዋለች። ያን ጊዜ ሹሙ በሕይወት ቢኖር የ85 ዓመት ሽማግሌ ነው፤ ቢጠየቅም መልስ የሚሰጥበት ወንበር የለውም። ዕዳውን የሚከፍለው አንድ፥ ብድሩን የተፈራረመው ሌላ ሆኖ መገኘቱ በገንዘብ ነገር ቢሆን ኖሮ በዳኛ ፊት ያከራክር ነበር።

ወጣቶቻችን ለሥራው አልተጠሩም ማለታችን አይደለም። በየዓመቱ በበጋ ወራት የአፈርና የውኃ ጥበቃ ዘመቻ በሚሆንበት ጊዜ እርከን የሚሠራው፥ ድንጋይ የሚሸከመው ወጣቱ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጣና ላይ እምቦጩን በእጁ ለመንቀል ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰበው አብዛኛው ወጣት ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ የችግኝ ተከላም የተማሪዎችን እጅ ጠርቷል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የተጠራው እጃቸው ነው፤ ቃላቸው ገና አልተጠራም። የቱ ኮረብታ ከከብት ይከለል፥ የቱ ዛፍ ይተከል፥ በየትኛው ወር ማስገር ይቁም፥ ከባሕሩ ዳር እስከ ስንት ክንድ ድረስ አይታረስ የሚለው ነገር የሚቈረጠው እነርሱ በሌሉበት ስፍራ ነው። ድንጋዩን ለተሸከመ ሰው ድንጋዩ ለምን እዚያ እንደሚቀመጥ አለመንገር መልካም አይደለም፤ አለመጠየቅ ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

ለዚህ ነገር የምናቀርበው ምክንያት ዘወትር አንድ ተረት ነው፤ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንላለን። ተረቱ እውነት አለበት፤ ልጅ ልምድ የለውም፥ ይቸኩላል፥ ሳይመዝን ይናገራል። ነገር ግን ተረቱን እንመርምረው። እኛ ልጁ ብቻውን ያቡካ አላልንም። ዛሬ በውኃችንና በአፈራችን ላይ የምናቦካው እኛ ታላላቆቹ ነን፤ ነገ የሚበላው ግን እርሱ ነው። በላተኛው ከጎን ቆሞ «ሊጡ ቀጠነ» ቢል፥ አፉን ዝጋ ማለት ለእናት ቤትም ለአገርም አይበጅም። ሌላው ተረታችን ደግሞ «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይላል። ጥሩውን ውኃ ወርዶ የሚቀዳው ማን ነው? በገጠሩ ቤት እንስራ ተሸክማ በማለዳ የምትወርደው ሴት ልጅ ናት። ምንጩ ከዓምና የቀነሰ እንደ ሆነ፥ ወንዙ የደፈረሰ እንደ ሆነ፥ ከወረዳው ሹም በፊት የምታውቀው እርስዋ ናት። የውኃን ነገር ከሥሩ ለማወቅ የሚሻ ሸንጎ እርስዋን ሳይጠይቅ ቢበተን፥ መጽሐፉን ዘግቶ ስለ መጽሐፉ እንደ መከራከር ይቈጠራል።

ይህን የምንለው ከራሳችን ስሜት ብቻ ተነሥተን አይደለም፤ ሕግም አለበት። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 92 ደግሞ፥ ሕዝብ እርሱን በቀጥታ በሚነካ የአካባቢ ጥበቃ እቅድና ሥራ ላይ ሊመከርና ሐሳቡን ሊገልጥ መብት እንዳለው ያመለክታል። ሕዝብ ሲባል ጢም ያበቀለው ብቻ አለመሆኑ ግልጥ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ወጣት ብሎ ጠርቶ፥ በአገር ጉዳይ ተሳታፊዎች እንዲሆኑ ያዛል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የዓለም የሕፃናት መብት ስምምነትም በ12ኛው አንቀጹ፥ የራሱን ሐሳብ ለመናገር የሚችል ልጅ ሁሉ እርሱን በሚመለከት ነገር ላይ እንዲናገርና ቃሉም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ መጠን እንዲመዘን ይላል። ይህን ስምምነት የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ስለ ልጆችና ስለ አካባቢ ባወጣው ማብራሪያ፥ ይህ ደንብ በአየርና በውኃ ጉዳይ ላይም እንደሚጸና አስታውቋል፤ ማብራሪያው ከመጻፉም በፊት ከ121 አገሮች ከ16,000 የሚበልጥ የልጆች አስተያየት ደርሶታል። ድምፅ ለመስጠት 18 ዓመት መሙላት ግድ ስለ ሆነ፥ ከዚያ በታች ላሉት ልጆች ሌላ በር ካልተከፈተላቸው ቃላቸው የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

ወጣቶች በባሕር ነገር ቢጠየቁ ምን ፍሬ ይገኛል ለሚል ሰው፥ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እናመጣለታለን። ቫኑዋቱ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል የምትገኝ ትንሽ የደሴቶች አገር ናት፤ ባሕሩ ከፍ ባለ ቁጥር ጠረፏ የሚቀንስባት ናት። በ2011 ዓ.ም. በደቡብ ፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ይማሩ የነበሩ 27 ተማሪዎች በአንድነት ተነጋግረው፥ መንግሥታት የአየርን ጠባይ እንዳይበላሽ ለመጠበቅ በሕግ ምን ግዴታ እንዳለባቸው የዓለም ፍርድ ቤት ቃሉን ይስጥ ብለው አሰቡ። ሀብት አልነበራቸውም፥ ሹመትም አልነበራቸውም። ሐሳባቸውን ጽፈው ወደ ደሴቶቹ መንግሥታት ላኩ፤ የቫኑዋቱ መንግሥትም ሰምቶ የራሱ ጉዳይ አደረገው። መጋቢት 20 ቀን 2015 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያለ ተቃውሞ ጥያቄውን ወደ ፍርድ ቤቱ አስተላለፈ። ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. በሄግ የተሰየሙት ዳኞች በአንድ ድምፅ፥ መንግሥታት አየሩን ከጉዳት የመጠበቅ የሕግ ግዴታ እንዳለባቸው አስታወቁ። በአንድ የተማሪ ክፍል የተጀመረ ነገር በ6 ዓመት ውስጥ ከዓለም ትልቁ የፍርድ አደባባይ ደረሰ። የተማሪዎቹ ትጋት የሚደነቅ ነው፤ ይልቁንም የሚደነቀው ግን «እናንተ ልጆች ናችሁ» ሳይል የሰማቸው መንግሥት ነው።

ከሩቁ ወደ ቅርቡ ስንመለስ፥ በወላይታም የሚያኰራ ምሳሌ አለ። በሁምቦ ወረዳ ያለው ተራራ ደኑ አልቆ ራቁቱን ቀርቶ ነበር። ከ1998 ዓ.ም. በኋላ ወርልድ ቪዥን የተባለው ድርጅት ከአካባቢው ሕዝብ ጋራ ሆኖ ተራራውን እንደ ገና ለማልበስ ሥራ ጀመረ። የአገሩም ሰዎች በ7 የኅብረት ሥራ ማኅበሮች ተደራጅተው የደኑ ጠባቂዎችና ተጠቃሚዎች እንዲሆኑ ተደረገ። በመጀመሪያ የተጠራጠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን የመወሰኑ ነገር በእጃቸው መሆኑን ባዩ ጊዜ ጥርጣሬው ተወገደ። ከ2,700 ሄክታር የሚበልጥ መሬት ደን ለበሰ፤ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ተመዝግቦ ከአየር ጽዳቱ ዋጋ ለማኅበሮቹ ገንዘብ አስገኘ። እጅግ የሚያስደንቀው ነገር ደግሞ፥ ከደኑ ብዙው የበቀለው በአዲስ ችግኝ ሳይሆን፥ ከመሬት በታች በሕይወት ከቆየ የአሮጌ ጉቶ ሥር ነው። ከብትና መጥረቢያ ሲከለከልለት ራሱ አቈጠቈጠ። ተራራው አፈሩን ሲይዝ የሚጠቀመው ከታች ያለው አባያ ነውና፥ ይህ የደን ሥራ የባሕር ሥራም ነበረ።

ደግሞም ከወላይታ የቦሎሶ ሶሬ ተወላጅ የሆኑት አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በወጣትነታቸው ምሕንድስና ተምረው፥ በፊንላንድ አገር የንጹሕ ውኃና የጽዳት ምሕንድስናን አጥንተው፥ በ1979 ዓ.ም. በተቋቋመው በአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ብዙ ዘመን በመምህርነትና በአለቅነት አገልግለዋል። ከዚያም ከ2005 እስከ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው አገር መርተዋል። በእርሳቸውም ዘመን፥ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም.፥ በኦሞ ወንዝ ላይ በወላይታና በዳውሮ መካከል የተሠራው፥ ቁመቱ ከ240 ሜትር የሚበልጠው የግልገል ጊቤ 3ኛው ግድብ ተመርቋል። የውኃን ነገር የተማረ የገጠር ልጅ ስለ ውኃ የሚወስን ሰው እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። ዛሬም በ1999 ዓ.ም. በተከፈተው በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩት ወጣቶች ስለ አፈርና ስለ ውኃ እውቀት የሚገበዩ ናቸው። የእነርሱን ቃል ለመስማት ሹመት እስኪያገኙ መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል?

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ይህን መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅ በሸንጎ መናገርን የሚማረው በገበታ ዙሪያ ነው። እንበልና አንድ የሶዶ ባለ ሥልጣን ማታ ከሥራው ወደ ቤቱ ይገባል። የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጁ እጁን ካስታጠበችው በኋላ፥ «አባባ፥ ዛሬ ስለ ምን ስትመክሩ ዋላችሁ?» ትለዋለች። እርሱም፥ «ስለ አባያ ሐይቅ ነው፥ ልጄ» ይላታል። «ከዓሣ አስጋሪዎቹ ልጆችስ የተጠራ ነበረ?» ብትለው፥ ምን ይመልስላታል? «ይህ ያንቺ ነገር አይደለም» ቢላት፥ በዚያች ማታ ሁለት ነገር ጠፋ፤ ልጅቱ መጠየቅን ተወች፥ አባቷም ያላሰበበትን ነገር የሚያስታውሰው ሰው አጣ። «እውነትሽን ነው፥ ነገ እጠይቃለሁ» ቢላት ግን፥ በቤቱ ያፈራው ምክር ለአገሩ ተረፈ። የወላይታ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን ጊፋታን በመስከረም በሚያከብርበት ጊዜ ታላቅና ታናሽ በአንድ ገበታ ይሰበሰባል፤ ያለፈው ዓመት ቂም ይቀራል፥ ስለሚመጣው ይታሰባል። እንዲህ ያለ ልማድ ላለው ሕዝብ ልጅን በምክር መካከል ማስቀመጥ እንግዳ ነገር ሊሆንበት አይገባም። እመቤቶችም በዚህ ታላቅ ድርሻ አላችሁ፤ ወንዱ ልጅ ሲናገር ሰምታችሁ ሴቲቱን ወደ ማድ ቤት የምትልኩ እንደ ሆነ፥ ውኃውን የምታውቀዋን ዝም አሰኝታችሁ ውኃውን የማያውቀውን ሰማችሁ ማለት ነው።

«ወጣቶች በቀላሉ ይታለላሉ፥ ነገር ያከርራሉ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ አንዳንድ ጊዜ እውነት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን መስማት ማለት የተናገሩትን ሁሉ መፈጸም ማለት አይደለም። ዳኛ ሁለቱንም ባለ ጉዳዮች ይሰማል፤ የሚፈርደው ግን በሕግና በማስረጃ ነው። ከባለ ሥልጣን የሚፈለገው፥ ሰምቶ ማመዛዘን፥ ያልተቀበለውንም እንደ ሆነ ስለ ምን እንዳልተቀበለው ምክንያቱን መግለጥ ነው። ምክንያት የተነገረው ወጣት ያዝናል እንጂ አይሸፍትም፤ መልስ ያጣ ወጣት ግን ሁለተኛ ወደ ሸንጎ አይመጣም። ወጣቶችም ራሳቸው ማወቅ የሚገባቸው ነገር አለ። ለመናገር የተሰጠ ቦታ ለመጮኽ የተሰጠ ቦታ አይደለም። የወንዙን ድፍርስነት በየወሩ የመዘገበ፥ የዓሣውን ገበያ የቈጠረ፥ የሽማግሌዎችን ትዝታ የጻፈ ወጣት ቢናገር ቃሉ ይከብዳል፤ በስሚ ስሚ የሚናገር ግን የራሱንም የባልንጀሮቹንም ወንበር ያስወስዳል።

ስለዚህ ይህን ለማድረግ ለሚችሉ ሁሉ ጥቂት አሳብ እናቀርባለን። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ወላይታ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች፤ ውሳኔው የሚሰጥበት ጽሕፈት ቤት ከብላቴና ከአባያ ሩቅ አይደለም ማለት ነው። በብላቴ ሸለቆና በባሕሩ ዳር ባሉት ትምህርት ቤቶች የሚገኙ የአካባቢ ጥበቃ ክበቦች ውኃውን በየጊዜው እየተመለከቱ ይመዝግቡ፤ መዝገባቸውም በዓመት አንድ ጊዜ በወረዳው ምክር ቤት ፊት በራሳቸው አንደበት ይነበብ። ስለ ማስገርና ስለ ባሕር ዳር እርሻ ደንብ በሚዘጋጅበት ጊዜ፥ ከወጣት አስጋሪዎች፥ ከተማሪዎችና ውኃ ከሚቀዱት ሴቶች ልጆች የተመረጡ በጉባኤው ይቀመጡ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማት አዋጅ አለ፤ ነገር ግን አዋጅ የሚጸናው በመረቡ ባለቤት ልብ ውስጥ ሲገባ ነው፥ የሚገባውም ሲጠየቅበት ነው። የብላቴ ውኃ የሚመጣው ከሌላ ክልል፥ የአባያም ዳር ከወላይታ ሌላ ብዙ ባለቤት ያለው ስለ ሆነ፥ የጋሞ፥ የኦሮሞ፥ የሲዳማና የወላይታ ወጣቶች በአንድነት የሚነጋገሩበት ቀን ቢወሰን እጅግ መልካም ይሆናል። ትላልቆቹ ስለ ድንበር ሲከራከሩ፥ ልጆቹ ስለ አንድ ውኃ መነጋገር ይችሉ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ አንድ አግዳሚ ወንበር መጨመርና ጥቂት ትዕግሥት የሚበቃው ነው። በሁምቦ ተራራ ከመሬት በታች ተቀብሮ የነበረው ሥር የጠየቀው ነገር መጥረቢያው እንዲታገሥለት ብቻ ነበር፤ ሲታገሡት ደን ሆነ። የልጆቻችንም አሳብ እንደዚሁ ከሥር አለ። ዝናሙ ከዳሞታ ላይ በወረደ ቁጥር አባያ ጥቂት ይቀላል፤ ጊዜው እኛን አይጠብቅም። አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ በገባችሁ ጊዜ ልጆቻችሁን ስለ ውኃ ምን እንደሚያስቡ ጠይቁአቸው፤ የነገሩአችሁንም ነገ ወደ ጉባኤአችሁ ይዛችሁ ግቡ።